ዶርሆና ቅብዕ በላስታ ምድር

በታኅሣሥ 29 ቀን ዋዜማ፣ ከጎጃምና ከጎንደር፣ ከትግራይና ከሸዋ፣ አንዳንዱም ሳምንታት በእግሩ ተጉዞ የመጣው ምእመን ነጠላውን አጣፍቶ፣ ከዓለት በተፈለፈለው በቤተ ማርያም ዙሪያ፣ በገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጦ፣ ሲነጋ የሚዘመረውን ቤዛ ኩሉን እየተጠባበቀ የሚያድርበትን ሥርዓት ጽፈው ያስተላለፉልን ሊቃውንትና መንገደኞች ብዙዎች ናቸው፤ በዚያው ሰሞን ግን ከዚያው ደብር የድንጋይ ውርወራ ያህል ርቀው፣ በቀይ ድንጋይ በተሠሩት ክብ ቤቶች ውስጥ፣ በሦስት ጉልቻ ዙሪያ የሚፈጸመውን ሌላውን ትጋት፣ ማለት የበዓሉን ቅቤ ማንጠሩንና የበዓሉን ዶሮ ማሰናዳቱን፣ ለታሪክ የሚበቃ ነገር ነው ብሎ በብራና ያኖረው ሰው እምብዛም አይገኝም። ጸሐፊዎቹ ወንዶች፣ አብዛኞቹም ካህናት ነበሩና ወደ ጓዳ የሚገቡበት ምክንያት አልነበራቸውም።

እኔን ወደ ጓዳው የመለሰኝ ባሕር ማዶ፣ በዋሽንግተን አቅራቢያ የሚኖር የእኅቴ ልጅ ነው። ባለፈው ዓመት ልደት ሊብት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በስልክ ጠራኝና፣ «ጋሼ፣ ዘንድሮስ ተርኪ የሚባለውን ትልቁን ዶሮ እንደ አገሩ ሰው ሙሉውን በፈላ ዘይት ውስጥ ነክሬ ልጠብሰው አስቤአለሁ፤ ጎረቤቴ ግን ‘ቤትህን እንዳታቃጥል’ ብሎ አስፈራራኝ፤ ነገሩ እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ተርኪ ጠብሼ አላውቅም፤ ዕድሜዬን ሁሉ ወጡን ከመብላት በቀር ማማሰያ የጨበጥሁበት ቀን በጣት የሚቆጠር ነው። ሆኖም ጥያቄው በጆሮዬ ሲገባ የታየኝ አሜሪካ ሳይሆን ነፍሷን ይማርና የአክስቴ የላሊበላ ቤት፣ በጉልቻው ላይ የተጣደው የቅቤ ድስት፣ ከእርሱም በላይ በጥላሸት የጠቆረው የሣር ክዳን ነበር። ስለዚህ ለልጁ ከመመለሴ በፊት ነገሩን ከጥንቱ ለመመርመር ወደድሁ።

ዶሮ በግእዝ ዶርሆ ይባላል፤ የትግርኛው ደርሆም የአማርኛው ዶሮም ከዚሁ የሚዛመዱ ናቸው። የዚህ ወፍ ጥንተ መሠረት ከወደ እስያ ቢሆንም ወደ አገራችን የገባበት ዘመን ብዙዎች እንደሚያስቡት የቅርብ አይደለም፤ በትግራይ መዝብር በተባለው ቦታ ከመሬት ተቆፍሮ የወጣውን የዶሮ አጥንት የመረመሩ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት ዘመኑን ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 400 ዓመት አድርሰውታል፤ ይህም በአፍሪካ ምድር ከተገኙት እጅግ ጥንታውያን የዶሮ ቅሪቶች አንዱ ነው። እንግዲህ ዶሮ በሐበሻ ቆጥ ላይ መስፈር የጀመረው ከአክሱም መንግሥት አስቀድሞ፣ ከክርስትናም አስቀድሞ፣ ከላስታ ነገሥታትም ቢያንስ ከ1,500 ዓመት አስቀድሞ ነው ማለት ነው።

ነገር ግን ወፉ ጥንታዊ ነው ማለት ወጡ ጥንታዊ ነው ማለት እንዳልሆነ ልብ ማለት ይገባል። ከዛጉዌ ነገሥታት ስመ ጥሩ የሆነው ቅዱስ ላሊበላ በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ፣ በዚያን ጊዜ ሮሐ ትባል በነበረችው ከተማ በነገሠ ጊዜ፣ ዛሬ ያለ እርሱ በዓል በዓል የማይመስለንን ቀዩን የዶሮ ወጥ በማዕዱ ላይ አላየውም፤ ሊያየውም አይችልም ነበር። ምክንያቱም ቀዩ በርበሬ፣ ምንም እንኳ ዛሬ ከእኛ የበለጠ ወገን ያለው ባይመስልም፣ ጥንተ አገሩ አሜሪካ ነው፤ ኮሎምቦስ እ.ኤ.አ. በ1492 ያን ምድር ሳይረግጥ በፊት በዓባይም ማዶ፣ በተከዜም ማዶ፣ በሮምም አደባባይ አንድ ፍሬ በርበሬ አልነበረም። ስሙ ሳይቀር የተዋሰው ከቀድሞው ባለቤት ከቁንዶ በርበሬ ይመስላል፤ እንግዳው ከባለቤቱ በለጠና ባለቤቱ «ቁንዶ» የሚል ቅጽል ተጨምሮለት ወደ ጎን ተቀመጠ። የላሊበላ ዘመን ወጥ ቤቶች በእጃቸው ሊኖር የሚችለው ከአገሩ ጫካ የሚመጣው ኮረሪማና ጢሚዝ፣ ነጋዴ ከባሕር ማዶ የሚያመጣው ቁንዶ በርበሬ፣ ሰናፍጭ፣ ሽንኩርት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቅቤ ነበር። አንድ የላስታ ሽማግሌ ይህን ስነግራቸው ቅር ብሏቸው፣ «ታዲያ ቅዱሱ በልደቱ ቀን አልጫ ነው የሚበላው?» ብለው ጠይቀውኛል፤ የላሊበላ ልደትም በዚያው በታኅሣሥ 29 ቀን እንደሚታሰብ ለሚያውቅ ሰው ቅሬታቸው የሚገባ ነው።

የዶሮን አሠራር በተመለከተ በጽሑፍ ከቀሩልን ጥንታውያን ምስክሮች መካከል እኔን ከሁሉ ይበልጥ ያስደነቀኝ የፖርቱጋሉ ቄስ የፍራንሲስኮ አልቫሬስ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ገብቶ ስድስት ዓመት ያህል የተቀመጠ፣ የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናትም አይቶ ስለ እነርሱ ሲጽፍ አንባቢ አያምነኝም ብሎ በመሥጋት የጻፈው ሁሉ እውነት ስለ መሆኑ እግዚአብሔርን ምስክር የጠራ ነው። መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1540 በሊዝበን ታተመ። በዚሁ መጽሐፍ ከዐፄ ልብነ ድንግል ማዕድ ተልኮላቸው የበሉትን ዶሮ ሲገልጥ፣ ቆዳው አንዳች ሳይቀደድ ሥጋው ከውስጥ ወጥቶ፣ ከአጥንት ተለይቶ፣ ከቅመም ጋር ከተሰናዳ በኋላ ተመልሶ የተሞላበት እንደ ነበረ፣ እነርሱም ቆዳው በየት እንደ ተከፈተ ቢፈልጉ እንዳላገኙት ይናገራል። ዛሬ ይህን የሚያውቅ የባልትና እጅ በላስታም በሸዋም አላጋጠመኝም። ሙሉ ወፍን ሳይበልቱ ማሰናዳት የፈረንጅ ብቻ ነው ብለን የምንከራከር ሰዎች እንግዲህ ቃላችንን መጠን ይኖርብናል።

ወደ ተርኪው እንመለስና፣ ይህም ወፍ እንደ በርበሬ ሁሉ የአሜሪካ ተወላጅ፣ ጥንት የሜክሲኮ ሰዎች ያላመዱት ነው፤ ስሙ ግን የእኛን ቆላ የሚነካ ታሪክ አለው። ከላስታ ተራሮች ሥር በሚነሣው በተከዜ ሸለቆ፣ በቆላው ቁጥቋጦ ውስጥ በመንጋ የሚሮጠው፣ ላባው ጥቁር ሆኖ በነጭ ነጠብጣብ የተረጨው ጅግራ፣ ከአፍሪካ ተነሥቶ በቱርክ ነጋዴዎች እጅ ወደ እንግሊዝ በገባ ጊዜ «የቱርክ ዶሮ» ተባለ፤ ኋላም ከአሜሪካ የመጣውን ትልቁን ወፍ ሰዎቹ ከጅግራው ጋር አምታትተው ያንኑ ስም ሰጡት፤ ስሙም ለጅግራው ቀርቶ ለእንግዳው ጸና። ሊኔዎስ የተባለው የፍጥረት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1758 ለወፉ የመጽሐፍ ስም ሲያወጣለት እንኳ ሜሌያግሪስ አለው፤ ይህም በጽርእ ቋንቋ የጅግራ ስም ነው። የሚያስቀው ደግሞ ቱርኮች ራሳቸው ወፉን «ሂንዲ» ብለው ለሕንድ፣ ፈረንሳዮችም እንዲሁ ለሕንድ፣ ፖርቱጋሎች ለፔሩ፣ የግብፅ ዓረቦች ለሮም ሲሰጡት፣ የእኔ ነው የሚል አንድ አገር ሳይገኝ መቅረቱ ነው። የእኅቴ ልጅ ግን የኛው ጅግራ የስም ዘመድ መሆኑን ስነግረው «እንግዲያስ አገሩ ነው» ብሎ ደስ አለው።

አሁን ነገሩን የሚያከብደው መጥበሱ ነው። አማርኛችን ለማእድ ቤት ሥራ የግሥ ድኻ አይደለም፤ ቀቀለ፣ ጋገረ፣ ቆላ፣ አመሰ፣ አቁላላ፣ ለበለበ፣ አነጠረ፣ እያንዳንዱ የየራሱ እሳትና የየራሱ ዕቃ አለው፤ ሥጋን በቅባት ባሕር ውስጥ አስጥሞ ለማብሰል ግን ለብቻው የተመደበ ቃል የለንም፤ «ጠበሰ» የሚለው ለፍሙም፣ ለምጣዱም፣ ለዘይቱም የጋራ ሆኖ ያገለግላል። ቃሉ የጠፋው ልማዱ ስላልነበረ፣ ልማዱም ያልነበረው ቅባት ውድ ስለ ነበረ ነው። በጾም ወራት የላስታ ቤት የሚያውቀው ዘይት ቅባኑግ ነው፤ ኑጉ ይታመሳል፣ በሙቀጫ ይወቀጣል፣ ፍል ውሃ ይጨመርበታል፣ ከላይ የሚንሳፈፈው ቅባትም በጥንቃቄ ይቀዳል፤ ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ የሚገኘው ዘይት ሽሮውን ከማወዛት የሚያልፍ አልነበረም። ለአንድ ወፍ ብሎ አሥራ አምስት ሊትር ቅባት የሚያፈላ ሰው ቢታይ ኖሮ አእምሮው የተነካ ነው ተብሎ ጠበል በተወሰደ ነበር። በዘይት ውስጥ ጠልቆ የሚጠበሰው ምግብ ወደ ከተሞቻችን የዘለቀው በእንግዶች እጅ ነው፤ ሳምቡሳው ከባሕር ጠረፍና ከሐረር በኩል፣ ቦምቦሊኖውም ስሙ እንደሚመሰክረው ከጣሊያኖች ነው።

ይሁን እንጂ የፈላ ቅባትን ጠባይ የላስታ ሴቶች ከማንም አስቀድመው ያውቁታል፤ ትምህርት ቤታቸውም ቅቤ ማንጠር ነው። ይህንንም ለመረዳት ቤቱን ማወቅ ያስፈልጋል። የላሊበላ ጥንታዊ ቤት ክብ፣ ብዙ ጊዜም ባለ ሁለት ደርብ፣ ግድግዳው ቀይ ድንጋይ፣ ክዳኑ ሣር ነው፤ ከብቱ በታች፣ ሰው በላይ ያድራል። የታኅሣሥ አየር ደረቅ ነው፤ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ፣ ከ4,200 ሜትር ከፍታ የሚወርደው የሌሊት ነፋስ ብርቱ ነው፤ ሣሩ ዝናም ካየ ሦስት ወር አልፎታል። በዚህ ክዳን ሥር፣ ከምድጃው ራቅ ብሎ ቆጡ አለ፤ በቆጡ ላይ ደግሞ ነገ ወጥ የሚሆነው ገብስማ አውራ ዶሮ ምንም ሳያውቅ ተኝቷል። አንድ ነበልባል ከጉልቻው ተነሥቶ ክዳኑን ቢልስ፣ የአንድ ቤት ጥፋት ሳይሆን የመንደር ጥፋት ነው።

አክስቴን በዚህ ሥራ ላይ ያየኋት የዐሥር ወይም የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ቅቤውን ከቅዳሜ ገበያ በቅል ገዝታ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግማ አጥባ፣ አሬራው ሲወጣለት በድስቱ ውስጥ ጣለችው፤ ድስቱ ግን ከቅቤው ይልቅ ሁለት እጥፍ የሚበልጥ ነበርና እኔ የልጅ ነገር ሆኖብኝ፣ «እትዬ፣ ለምን በትንሹ አልጣድሽውም? ይኸ እኮ ባዶ ነው» ብላት፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ፣ «ባዶው የአረፋው ነው» አለችኝ። ከዚያም ቅቤው ሲቀልጥ መጀመሪያ ዝም አለ፤ ቀጥሎ አጉረመረመ፤ ቀጥሎ ነጩ አረፋ ከድስቱ ግማሽ ተነሥቶ ወደ አፉ ወጣ። እርስዋም ሳትደነግጥ በግራ እጅዋ አንዱን የፈካ ግንድ ከጉልቻው ወደ ውጭ ሳበችው፣ በቀኝዋ አረፋውን በጭልፋ ገፈፈችው። እሳቱን አላጠፋችውም፤ ውሃም አልነካችም፤ እንጨቱን ብቻ አራቀችው። ከአጠገብዋ በአሮጌ ገል የተከመረ አመድ፣ ከበስተኋላዋም አክንባሎው ተዘጋጅቶ ነበር፤ ምናልባት ቅቤው ቢገነፍልና ቢቀጣጠል በአክንባሎው ልትደፍነው፣ የፈሰሰውንም በአመድ ልታፍነው ነው። የውሃው እንስራ በሩ አጠገብ፣ ከሥራው ርቆ ተቀምጧል። ታናሽ እኅቴ ልትረዳ ብላ እጅዋን ታጥባ ውሃው እየተንጠባጠበ ወደ ድስቱ ስትጠጋ፣ አክስቴ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «አንቺ ልጅ፣ እጅሽን ሳትጠርጊ እንዳትመጪ!» ብላ ገሠጸቻት። ኮሰረቱና በሶብላው፣ ኮረሪማውና አብሹ እንኳ በፀሐይ ደርቀው እስኪንኮሻኮሹ ድረስ ወደዚያ ቅቤ አይገቡም ነበር። መቼ እንደ ነጠረ በምን እንደምታውቅ ስጠይቃት፣ «በጆሮዬ» አለችኝ፤ «ሲያጉረመርም ውሃ አለበት፤ ዝም ሲል ውሃው አልቋል፤ ከዝምታው በኋላ የሚጤሰው ግን ተንኮለኛ ነው፣ ያኔ አውርደው።»

በዚህች አጭር ንግግር ውስጥ የተከማቸውን እውቀት ኋላ በትምህርት ቤት ስንማረው ብዙ ገጽ ፈጀብን። ያልነጠረ ቅቤ ከክብደቱ ስድስተኛው እጅ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጠው ውሃ ነው፤ ውሃ ከቅባት ይከብዳልና ወደ ታች ይወርዳል፤ ከታች ሆኖ ሲፈላም ወደ እንፋሎትነት ይለወጣል፤ አንድ ጭልፋ ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ 1,700 እጥፍ ገደማ ይሰፋልና በላዩ ያለውን ቅባት ተሸክሞት ይወጣል። የወጣው ቅባት በድስቱ አፍ ፈሶ ነበልባሉን ካገኘ እሳት የሚይዘው ድስቱ ብቻ አይደለም። በሚነደው ቅባት ላይ ውሃ ማፍሰስ እሳቱን እንደ መበተን የሚቆጠረውም ስለዚሁ ነው፤ ውሃው ከቅባቱ ሥር ገብቶ ይፈነዳልና። ላሊበላ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ እንደ መሆኑ መጠን ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በባሕር ጠረፍ ግን በ100። የላስታ አውራ ዶሮ በወጥ ውስጥ ይህን ያህል ሰዓት የሚፈጀው በእርጅናው ብቻ አይደለም፣ ውሃው ራሱ ከዚያ በላይ አልሞቅም ብሎ ስለሚያስቸግር ነው። ቅባት ግን የተራራ ከፍታ አያውቅም፤ በደጋም በቆላም እሳት እስካገኘ ድረስ ይግላል።

የዶሮው አሰናዳድም ከዚሁ ጥበብ ይወለዳል። ወንዱ በስመ አብ ብሎ ካረደው በኋላ ዶሮው በፍል ውሃ ተነክሮ ላባው ይነጫል፣ ቅሪቱ በነበልባል ይለበለባል፣ ከዚያ በጨውና በሎሚ ታሽቶ የሚታጠብበት ውሃ እስኪጠራ ድረስ ይታጠባል፤ ይህን ያህል ከታጠበ በኋላ ግን እንዲሁ ወደ ድስት አይጣልም፣ ጠፍጥፎ እስኪያልቅ ይንጠለጠላል ወይም በወንፊት ላይ ይቆያል። በድስቱም ዘንድ ሽንኩርቱ ያለ ቅባት ደረቁን ይቁላላል፤ ሊያር ሲል ውሃ ጠብ ይደረግበታል፤ በርበሬው ይገባል፤ ቅቤው የሚመጣው ውሃውና እሳቱ ከተስማሙ በኋላ ነው። ቅባት በመጀመሪያ ግሎ ውሃ ቢከተለው ኖሮ ቁሌቱ በሴቶቹ ፊት ላይ በተፈናጠቀ ነበር። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ተረት፣ ለወጡ ጣዕም እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለድስቱ መቆም ግን ፈጽሞ እውነት አይደለም፤ አክስቴ ቅቤ ከመጣድዋ በፊት ሦስቱንም ጉልቻዎች በእግርዋ ገፋ ገፋ አድርጋ ሳታረጋግጥ ድስት አታነሣም ነበር።

ዶሮው በ12 ብልት መከፈሉን ብዙዎች የ12ቱ ሐዋርያት ምሳሌ ነው ይላሉ። ትርጓሜው ያማረ ነው፣ አልቃወመውም፤ የላስታ ሰው ምሳሌ የሌለው ነገር አይወድም። ነገር ግን ከፈረሰኛው እስከ ክንፉ ተለይቶ የተበለተ ሥጋ እሳቱ እስከ አጥንቱ የሚደርስለት፣ ቅመሙም የሚዘልቅለት፣ ለቤተ ሰቡም እንደ ማዕርጉ የሚታደል መሆኑን ስመለከት፣ ሐዋርያቱ የመጡት ቢላዋው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ሳይሆን አይቀርም እላለሁ።

እንግዲህ ለእኅቴ ልጅ የመለስሁለት ይህንኑ ነው፤ የጎደለኝን ቁጥር ደግሞ ከሚያውቁት ጠይቄ ሞላሁለት። ወፉን በዘይት ነክሮ መጥበስ ከአሜሪካ ደቡብ፣ ከሉዊዚያና የወጣ ልማድ ነው፤ በዚያ አገር በምስጋና በዓል ይደረጋል። ይህ በዓል በኅዳር አጋማሽ፣ ከ12 እስከ 19 ባለው ቀን ሐሙስ ላይ ይውላል፤ ጾመ ነቢያት ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል፤ ስለዚህ በዚያ ያሉ ወገኖቻችን በብዙው ዓመት የጎረቤታቸውን ወፍ እያሸተቱ ምስር ይበላሉ። ብዙዎች ወፉን በበረዶ ቤት አስቀምጠው ለልደት የሚያቆዩት በዚህ ምክንያት ነው፤ አደጋውም የሚጀምረው ከዚሁ ላይ ነው፤ በረዶው ያልለቀቀ ወፍ በፈላ ዘይት ውስጥ ሲገባ፣ አክስቴ የምትፈራው ያ የቅቤ ውሃ በመቶ እጥፍ ተባዝቶ መጣ ማለት ነውና።

ለልጁም እንዲህ አልሁት፤ ስድስት ኪሎ የሚመዝነውን ወፍ ሦስት ሙሉ ቀን በማቀዝቀዣው ታችኛ ክፍል አሳድረህ አቅልጠው፤ ከዚያም በላይ የሆነ ወፍ አትሞክር። ገና ሳትጀምር፣ ዘይት ሳትነካ፣ ወፉን በባዶው ድስት ውስጥ አስቀምጠህ እስኪሸፍነው ውሃ ሙላበት፣ ወፉን አውጣና ውሃው የደረሰበትን ምልክት አድርግ፤ ዘይትህ ከዚያ ምልክት አይለፍ፤ ከምልክቱ በላይ ያለው «ባዶ የአረፋው ነው»። ያን ውሃ ድፋና ድስቱን አድርቀው፤ ወፉንም ውስጡንም ውጭውንም በጨርቅ አድርቀው። ምድጃው ከቤት፣ ከመኪና መጠለያና ከእንጨት በረንዳ ርቆ፣ በደልዳላ መሬት ላይ ይቁም፤ እናንተ የምትገዙት ባለ ሦስት እግር ብረት ነው፣ ጉልቻ ይመስላል እንጂ ጉልቻ አይደለም፣ ሲነካ ይዋልላል። ዘይቱ 175 ዲግሪ ሲደርስ ወፉን ከማስገባትህ በፊት እሳቱን አጥፋ፤ ቀስ እያልህ፣ አንድ ደቂቃ ያህል ወስደህ አውርደው፤ አረፋው ሲረጋ ብቻ መልሰህ አንድደው። በኪሎ ስምንት ደቂቃ ያህል ይበቃዋል፤ የጭኑ ውስጥ በመለኪያ 74 ዲግሪ ካልደረሰ አልበሰለም። ዘይቱ መጤስ ከጀመረ እሳቱን አጥፋ፤ ቢቀጣጠል ክዳኑን ድፋበት እንጂ የአትክልት ማጠጫ ጎማ ይዘህ እንዳትሮጥ። ልጁ ይህን ሁሉ ሲሰማ ቆይቶ፣ «ጋሼ፣ እናንተ ይህን ሁሉ በሣር ቤት ውስጥ ነበር የምትሠሩት?» አለኝ።

በላስታም ነገሩ እንደ ነበረ አልቆየም። የሣሩ ክዳን በቆርቆሮ፣ ሸክላ ድስቱ በብረት ድስት፣ በብዙ ቤት ጉልቻውም በከሰል ምድጃ ተተክቷል፤ ቅባኑጉን የሚወቅጥ ሙቀጫ ተሰቅሏል፤ በእርሱ ፈንታ ከሩቅ ምሥራቅ በመርከብ የሚመጣው የዘንባባ ዘይት በጀሪካን ይሸጣል፤ ብርድ ሲሆን ይረጋል፣ እሳት ሲያይ ይቀልጣል፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ በአንድ ጊዜ በብዛት ይገኛል። ዘይት በብዛት ሲገኝ መጥበስ ይመጣል፤ አሁን በላሊበላ አስፋልት ዳር ድንችና ብስኩት በዘይት የምትጠብስ ልጅ ማየት አዲስ ነገር አይደለም። ቆርቆሮው እሳት አይዝም በሚል መተማመን ድስቱ እስከ አፉ ይሞላል፤ ምድጃው ቀላል ነው፣ የሕፃን እግር ይበቃዋል። አክስቴ በዘመንዋ የምትፈራው መንደሩን ነበር፤ የዛሬዎቹ እናቶች የሚፈሩት የልጃቸውን ክንድ ነው።

የእኅቴ ልጅ በልደት ማግሥት ደወለልኝ። ወፉ እንደ በሰለ፣ ቆዳውም እንደ ቆሎ እንደሚንኮሻኮሽ፣ ሚስቱ ግን ሳትነግረው በጓዳ አንድ ድስት ዶሮ ወጥ ሠርታ ኖሮ እንግዶቹ ወደዚያው እንደ ዞሩ ነገረኝ። ዘይቱን ምን እንዳደረገው ጠየቅሁት፤ እንዲበርድ ክዳኑን ገጥሞ በጓሮ እንዳሳደረው ነገረኝ። አክስቴም እንዲሁ ታደርግ ነበር፤ ቅቤው ከነጠረ በኋላ ድስቱን በማቶቱ ላይ አሳርፋ፣ ፍሙን በአመድ አዳፍና፣ አመዱን በእጅዋ መዳፍ ዳሰስ ዳሰስ አድርጋ ነጠላዋን ትከናነብና፣ በሩን ከውጭ ስባ ወደ ቤተ ማርያም ትወርድ ነበር።